ሮበርት ሬማክ፦ የሰውነታችንን ሽፋን ምንጭ ያሳየ ሐኪም

ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ባዮሎጂ የምታጠኑ ሁሉ ኤፒተልየም የሚባለውን ሕብረ ሕዋስ ገና በመጀመሪያው ዓመት ትማሩታላችሁ። ሰውነታችንን ከውጭም ከውስጥም የሚሸፍነው እሱ ነው። ሕዋሶቹ ክፍተት ሳይተዉ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከሥሩ ካለው ሕብረ ሕዋስ ነው። ቅርጹ እንደ ሥራው ይለያያል። በሳንባ ውስጥ ስስና ጠፍጣፋ ሆኖ አየር ያሳልፋል። በአንጀት ውስጥ እንደ ዓምድ ቆሞ የተፈጨውን ምግብ ይመጥጣል። በቆዳ ላይ ተደራርቦ ከጉዳትና ከጀርም ይከላከላል። በዕጢዎች ውስጥ ደግሞ ላብ፣ ምራቅና ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሽፋን ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሮበርት ሬማክ ነው።

ሬማክ እ.ኤ.አ. በ1815 በፖዝናን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1838 ተመረቀ። መምህሩ ዮሐንስ ሙለር በዘመኑ የታወቀ ተመራማሪ ነበር። ያዕቆብ ሄንለም በዚያው በሙለር ዘንድ ይሠራ ነበር። ኤፒተልየም በመላው ሰውነት እንዴት እንደተዘረጋ በሰፊው የገለጸው ሄንለ ነው። ሄንለም ከአይሁድ ቤተሰብ ቢወለድም በልጅነቱ ተጠምቆ ነበርና በ1840 በዙሪክ ፕሮፌሰር ሆነ።

ለሬማክ ግን በሩ ተዘጋ። የፕሩሲያ ንጉሥ ከ1822 ጀምሮ አይሁዳውያን በዩኒቨርሲቲ እንዳያስተምሩ ከልክሎ ነበር። ቢጠመቅ መንገዱ ይከፈትለት ነበር፤ እሱ ግን እምቢ አለ። እምነታችሁን ካልለወጣችሁ ተብለው ርስት የተነፈጉት የቤተ እስራኤል አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ምርጫ ጠንቅቀው ያውቁታል። ሬማክ ሕሙማንን እያከመ ኑሮውን ገፋ፤ በሙለር ቤተ ሙከራ ደግሞ ያለ ደመወዝ ምርምሩን ቀጠለ። በ1843 ለንጉሡ አቤቱታ ቢያቀርብም አልተሳካለትም። በ1847 ግን፣ ታዋቂው ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከረዱት በኋላ፣ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር የተፈቀደለት የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ።

በእነዚያ የችግር ዓመታት የሬማክ ዓይን ከማይክሮስኮፕ አልተነሣም። የጫጩትንና የእንቁራሪትን ፅንስ እየመረመረ፣ ፅንሱ በመጀመሪያ ሦስት ንጣፎች እንዳሉት አስረዳ። ከውጨኛው ንጣፍ የቆዳ የላይኛው ሽፋንና የነርቭ ሥርዓት ይወጣሉ። ከመካከለኛው ጡንቻ፣ አጥንትና ደም ይገኛሉ። ከውስጠኛው ደግሞ የምግብ ቧንቧ ኤፒተልየምና እንደ ጉበት ያሉት ዕጢዎች ሽፋን ይበቅላል። ዛሬ የሥነ ፅንስ ትምህርት የሚጀምረው ከእነዚህ ሦስት ንጣፎች ነው።

ሁለተኛው ግኝቱ ከዚህ አያንስም። በዚያ ዘመን ብዙዎች አዲስ ሕዋስ ሕዋስ ካልሆነ ፈሳሽ በራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ሬማክ በጫጩት ፅንስ ውስጥ የደም ሕዋሶች ለሁለት ሲከፈሉ አየ። ለዓመታት መርምሮም በ1852 እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ መከፈል እንደሚገኝ አሳተመ። በ1855 ሩዶልፍ ፊርኾ ይህንኑ ሐሳብ የሬማክን ስም ሳይጠቅስ አወጣው። ፊርኾ ዝነኛ ነበርና ክብሩ ለረጅም ጊዜ ወደ እሱ ሄደ።

ሬማክ በ1859 ምክትል ፕሮፌሰርነት ቢሰጠውም ሙሉ ፕሮፌሰር ሳይሆን በ1865፣ በ50 ዓመቱ፣ በኪሲንገን ከተማ ዐረፈ። እምነቱን እንደያዘ ሞተ።

ሥራው ግን በየቀኑ በሰውነታችን ይታያል። ቆዳችን ሲላጥ ቁስሉ የሚሸፈነው በዳር ያሉት የኤፒተልየም ሕዋሶች ወደ ቁስሉ እየገፉና እየተከፈሉ ስለሚሄዱ ነው። የአንጀታችን ሽፋንም በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚሁ መንገድ ይታደሳል። መከፈሉ ከቁጥጥር ሲወጣ ደግሞ ካንሰር ይነሣል፤ አብዛኛው የሰው ካንሰር ከኤፒተልየም የሚጀምር ነው። ስለዚህ ለፈተና ስትዘጋጁ የሦስቱን ንጣፎች ሥዕል ስታዩ የሬማክን ስም አብራችሁ አስታውሱ፤ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ባይጻፍም እንኳ።