ሲዲ ሙባረክ ቦምቤይ፦ የበረሃ ሰፈሮች አለቃ

ዛሬ ጎብኚዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚያድሩበት የምሥራቅ አፍሪካ የጫካ ሰፈር፣ ከነድንኳኑና ከነሌሊት እሳቱ፣ ከቀድሞዎቹ ሲራራ ነጋዴዎችና ተሸካሚዎች ሕይወት የተወረሰ ነው። «ሳፋሪ» የሚለው ቃልም ጉዞ ከሚል የዐረብኛ ቃል፣ ከ«ሰፈር»፣ ወደ ስዋሂሊ የገባ ነው። በአማርኛ ግን ሰፈር የምንለው መንገዱን ሳይሆን ማረፊያውን ነው። ሲዲ ሙባረክ ዕድሜውን የፈጸመው በሁለቱም ላይ ነበር።

ሙባረክ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ዛሬ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ በሚዋሰኑበት በያኦ ሕዝብ ምድር ተወለደ። ገና በልጅነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ያዙት፤ በኪልዋ ወደብ በኩል ወደ ዛንዚባር ወስደው በገበያ ሸጡት። የገዛው ነጋዴ ወደ ህንድ ይዞት ተሻገረ። «ሲዲ» በዚያ አገር ለአፍሪካውያን የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የእኛው አገር ተወላጅ መሊክ አምበርም በባርነት ደርሶ የጦር መሪ የሆነው በዚያው ነበር። «ቦምቤይ» የከተማው ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ግን በጽሑፍ አልቀረም።

ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፤ ወደ ዛንዚባር ተመልሶም በሱልጣኑ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነ። በ1857 እንግሊዛውያኑ በርተንና ስፒክ የመሐል አፍሪካን ሐይቆች ፍለጋ ሲነሡ ቀጠሩት። ከእነርሱ ጋር የሚግባባው በህንድ በተማረው ሂንዱስታኒ ነበር። በየካቲት 1858 ከሁለቱ ጋር ታንጋኒካ ሐይቅ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ ከስፒክ ጋር ዛሬ ቪክቶሪያ የሚባለውን ሐይቅ አየ።

የዕለቱ ጉዞ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ሲሆን ፀሐይ ሳትበረታ ያበቃል። ከዚያ የእሾህ አጥር ይታጠራል፤ ተሸካሚዎች ከቅርንጫፍና ከሣር ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ጨርቁ፣ ዶቃውና የመዳብ ሽቦው፣ ማለትም የመንገዱ ገንዘብ፣ ተቆጥሮ ይከመራል። ቀለብ ማደል፣ ጠብ ማብረድና «ሆንጎ» የሚባለውን የመተላለፊያ ግብር ከየባላባቱ ጋር መከራከር የአለቃው ሥራ ነው። ሙባረክ በሁለተኛው ጉዞ ለዚህ ማዕረግ በቃ።

ከዚያ ጉዞ አንድ ነገር ሊዘለል አይገባም። ስፒክ አንድ ቀን ድንኳኑ ይነሣ ብሎ አዘዘ፤ ሙባረክ እምቢ አለ። ስፒክ በገዛ እጁ ድንኳኑን ሲያፈርሰው፣ ሴቶች ከሥሩ ተጠልለው፣ እሳትና የባሩድ ሣጥንም በውስጡ ነበሩ። ሙባረክ በቁጣ ቢጮህ ስፒክ ጭንቅላቱን በቡጢ መታው። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ሙባረክ ነበር፤ ባሩድ ጌታና ሎሌ አይለይም። ሙባረክ ተቆጥቶ አለቅነቱን ቢተውም በኋላ ታርቆ ተመለሰ። ጉዞውም በ1863 በናይል ወርዶ ካይሮ ደረሰ፤ የለንደን ጂኦግራፊ ማኅበርም የብር ሜዳልያ ሸለመው።

በ1871 ሊቪንግስተንን ፍለጋ ከወጣው ከስታንሊ ጋር ኡጂጂ ገባ። ስታንሊ ያማርርበት፣ ይመታውም ነበር፤ ቢሆንም ያለ እርሱ አልሄደም። በመጨረሻም ከካሜሮን ጋር በ1873 ከባጋሞዮ ተነሥቶ አህጉሩን በእግሩ አቋርጦ በ1875 መጨረሻ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ደረሰ። በዘመኑ ይህን ያደረገ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ማኅበሩ በ1876 ጡረታ ቆረጠለት። ሙባረክ በ1885 ሞተ፤ ሐይቁ ግን የእንግሊዝ ንግሥት ስም እንደያዘ አለ።