የአር-ራዚ ዓይኖችና የአሲዱ ጢስ

አቡበክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ዛሬ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው በረይ ከተማ ተወለደ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በሐኪምነቱ ነው። በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መርቷል፤ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ ያስረዳበት መጽሐፍም ለዘመናት ተነቧል። በእምነቱ ረገድ ዑለሞች ብርቱ ትችት ሰንዝረውበታል፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ወደ ሕክምና ያስገባው ግን የገዛ ዓይኑ ነው። የመጻሕፍቱን ዝርዝር ያዘጋጀው አል-ቢሩኒ እንደሚነግረን ራዚ መጀመሪያ የተጠመደው በኪሚያ ነበር። ከእሳትና ከሚሰነፍጥ ጢስ ጋር መዋሉ ዓይኑን ጎዳው፤ ሕክምና ፍለጋ ሄዶም ራሱ ሐኪም ሆነ። አንድ ሐኪም ዓይኑን ለማከም 500 ዲናር እንዳስከፈለውና እውነተኛው ወርቅ የሚሠራው በዚህ ሙያ መሆኑን ያኔ እንደተረዳም ይተረካል።

ያ ጢስ ምን ነበር? ራዚ «ኪታብ አል-አስራር» በተባለው መጽሐፉ ንጥረ ነገሮቹን፣ ዕቃዎቹንና አሠራሩን በየፈርጁ አስቀምጧል። ኑሻዲርን (አሞኒየም ክሎራይድ) ከቪትሪዮል፣ ማለትም ከብረት ወይም ከመዳብ ሰልፌት ጋር ያሞቅ ነበር። ከዚህ የሚወጣው ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። ራዚ ግን ዕቃው ውስጥ የቀረውን እንጂ በኖ የሄደውን የተከታተለ አይመስልም። አሲዱን ከተራ ጨውና ከሰልፈሪክ አሲድ የማውጣቱን መንገድ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ግላውበር ነው፤ ያም በ17ኛው ክፍለ ዘመን። ጨው ማለት ያው አባቶቻችን በአሞሌ መልክ እየጫኑ ጎንደር ገበያ ያወጡት ጨው ነው።

መምህራን ዛሬም በክፍል ውስጥ የሚያሳዩት የግላውበርን መንገድ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ሳስተምር ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን ይህ ሙከራ ሲሠራ አይቻለሁ። የፊት ረድፍ ተማሪዎች እየሳሉና ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። ብርድ ይሻል ነበር! ጋዙ ዓይንና ሳንባ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ እዚያው አሲድ ይሆናል። ስለዚህ መስኮትና በር ወለል ብሎ ይከፈታል፣ መነጽርና ጓንት ይደረጋል፣ ጨዉ ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ጋዙን የሚያደርሰው ቱቦ ውሃው ውስጥ መጥለቅ የለበትም፤ ጋዙ በጣም ቶሎ ስለሚሟሟ ውሃው ተስቦ ትኩሱ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ እዚያም ሰልፈሪክ አሲዱ ይፈነጣጠራል። በቱቦው ጫፍ ፈነል ተደፍቶ ከንፈሩ የውሃውን ገጽ ብቻ እንዲነካ ይደረጋል። አሲድ ሲቀጠንም አሲዱ ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውሃ አሲድ ላይ አይፈስስም።

ራዚ መነጽርም ጓንትም አልነበረውም። በሆስፒታሉ ተማሪዎቹን በረድፍ ዙሪያው አስቀምጦ ያስተምር ነበር፤ በሽተኛው መጀመሪያ በውጪኛው ረድፍ ይታያል፣ እነሱ ካልቻሉ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ እሱ ጋ ይደርሳል። ለድሆች ቸር እንደነበር የጻፉለት ብዙ ናቸው።

በስተርጅና ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ምክንያቱን አንዳንዶች ከጢሱ፣ ሌሎች ከንባብ ብዛት ያደርጉታል። ሊያክመው የመጣውን ሐኪም የዓይን ሽፋኖች ስንት እንደሆኑ ጠይቆት፣ መልስ ሲያጣ እንዳሰናበተው ይነገራል። በ313 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 925) እዚያው በረይ ሞተ።