ሄንሪ ፎርድ፦ ከደመወዝተኛነት ወደ ራስ ሥራ

ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻን ድካም በልጅነቱ በማየቱ የሰውንና የፈረስን ጉልበት በሞተር ስለ መተካት ያስብ ነበር። በ1879 ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄዶ በማሽን ወርክሾፕ ሙያ ተማረ።

በ1891 በኤዲሰን የመብራት ኩባንያ ተቀጥሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ደመወዙ ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ማታ ማታ በጓሮው ባለች ክፍል የቤንዚን ሞተር ይሠራ ነበር። በ1896 የመጀመሪያ ተሽከርካሪውን ሲጨርስ በሩ ስለጠበበው ግድግዳ አፍርሶ አወጣው።

በ1899 ሥራውን ለቀቀ። ከባለገንዘቦች ጋር ያቋቋመው ኩባንያ ግን መኪናዎቹ ውድና ጉድለት የበዛባቸው ስለነበሩ በ1901 ፈረሰ። ሁለተኛውንም ኩባንያ ከባለአክሲዮኖች ጋር ባለመስማማቱ በ1902 ትቶ ወጣ። በ1903 በ28 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ የተቋቋመው ሦስተኛው ጸና። ይኸው ኩባንያ በ1908 ለሸካራ የገጠር መንገድ የሚሆነውን፣ ለጥገናም የማያስቸግረውን ሞዴል ቲ መኪና አወጣ። በ1917 ደግሞ ፎርድሰን የተባለው ትራክተር መመረት ጀመረ። ፎርድ በ1947 አረፈ።

ፎርድ ደመወዙን የተወው ሞተሩን ለዓመታት ከሞከረ በኋላ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ወድቋል። የተሳካለት ገዢው በአቅሙ የሚገዛውንና በእርግጥ የሚጠቅመውን ዕቃ ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ ወፍጮ ለመትከልም ሆነ ንብ ለማርባት ያሰበ የማኅበር መሪ ገንዘብ ከማዋጣቱ በፊት ማን እንደሚገዛውና በስንት ዋጋ እንደሚገዛው አስቀድሞ ያጣራ።