ከኮሌጅ የተባረረው የታሪክ ደራሲ
ጁርጂ ዘይዳን (1861–1914)

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በካይሮ የአዝበኪያ አሮጌ መጻሕፍት ገበያ ጐራ ያለ ተማሪ ሁሉ የጁርጂ ዘይዳንን ልብ ወለዶች ሳያይ አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ዐረብኛውን ለማሻሻል ብሎ ከእነዚሁ አንዱን፣ «አል ዐባሳ የረሺድ እኅት» የተባለውን፣ በጥቂት ሳንቲም ገዝቶ መዝገበ ቃላት በጐኑ አስቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ግን መዝገበ ቃላቱ ተረሳ፤ መብራቱም ሳይጠፋ ነጋ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በባግዳድ፣ በኻሊፋው ሃሩን አል ረሺድ ዘመን ነው። ኻሊፋው እኅቱን ዐባሳንና ዋና አማካሪውን ጀዕፈር አል በርመኪን ከልቡ ይወዳቸዋል። ከሁለቱ ጋር ባንድ ማዕድ ለመጫወት እንዲመቸው በስም ብቻ ያጋባቸዋል፤ እንደ ባልና ሚስት መኖርን ግን ይከለክላቸዋል። እነርሱ ግን ተዋደዱ፤ በስውርም ልጆች ወለዱ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የጀዕፈርን ሥልጣን የሚመኘው አል ፈድል ኢብን አል ረቢዕና የኻሊፋው ሚስት ዙበይዳ ቀን ይጠብቃሉ። የወንድም ክብር፣ የእኅት ፍቅርና የሹማምንት ምቀኝነት ተጋጭተው ፍጻሜው ደም ይሆናል። ጀዕፈር በ803 መገደሉና የበርመኪዎች ቤት መፍረሱ የተመሰከረ ታሪክ ነው። የጋብቻውን ወሬ ግን ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ከዘመናት በፊት ተረት ነው ብሎ ነቅፎታል። ዘይዳን ይህን ወሬ ወስዶ በ1906 ልብ ወለድ አደረገው።

እንግዲህ ይህ ሰው ማን ነበር? ጁርጂ ዘይዳን ታኅሣሥ 14 ቀን 1861 በቤይሩት ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የምግብ ቤት ባለቤት ነበር፤ ሀብትም ሆነ ትምህርት አልነበረውም። ልጁም ገና በለጋነቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አባቱን በሥራ ይረዳ ጀመር። ጫማ መስፋትም ተለማምዶ ነበር፤ ጤናው ስላልፈቀደለት ተወው። ይሁን እንጂ ንባብ አላቋረጠም፤ እንግሊዝኛን በማታ ትምህርት ተማረ። በ1881 ለመግቢያው ፈተና ራሱን በራሱ አዘጋጅቶ፣ ዛሬ የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ የሕክምና ተማሪ ሆነ።

ደስታው ግን አልሰነበተም። በ1882 የኬሚስትሪ መምህሩ ኤድዊን ሉዊስ በተማሪዎች ምረቃ ላይ ባሰማው ንግግር ዳርዊንን በማንሣቱ የኮሌጁ ባለ ሥልጣናት ተቈጡ፤ መምህሩም ሥራውን ለመልቀቅ ተገደደ። የሕክምና ተማሪዎች ይህን በመቃወም ትምህርት አቆሙ። ዘይዳንም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበርና ከታገዱት ጋር ታገደ። አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ከመለመን መንገድ መረጠ፤ በ1883 ወደ ግብፅ ተሻገረ።

በካይሮም ሐሳቡ ሕክምናውን በቀስር አል ዐይኒ ለመጨረስ ነበር፤ የትምህርቱ ዘመን ርዝመትና የኪሱ ባዶነት ግን አላስቻሉትም። ስለዚህ በጋዜጣ አዘጋጅነት ተቀጠረ። በ1884 ደግሞ ጎርደንን ከካርቱም ከበባ ለማዳን ወደ ሱዳን የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር በአስተርጓሚነት ተከተለ። ጦሩ ሳይደርስ ካርቱም በጥር 1885 ወደቀች። ያየውን ግን አልረሳም፤ በማህዲ ዘመን ስለ ተማረከ ሰው ኋላ ልብ ወለድ ጽፎበታል። ከዘመቻው ሲመለስ ቤይሩት ገብቶ ዕብራይስጥና ሱርስት አጠና፤ በ1886 ስለ ዐረብኛ ቋንቋ አመጣጥ የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ለንደን ሄዶ የብሪታንያ ሙዚየምን ጐበኘ።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1891 ወጣ። በመስከረም 1892 «አል ሂላል» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። በመጀመሪያው ዘመን ጸሐፊው፣ አራሚውና አስተዳዳሪው ከሞላ ጐደል እርሱ ብቻ ነበር። ልብ ወለዶቹንም በዚሁ መጽሔት በተከታታይ እያወጣ፣ እስኪሞት ድረስ 22 የታሪክ ልብ ወለዶች ደረሰ። የአጻጻፍ ዘዴው ግልጽ ነው፤ ታሪኩን እንዳለ ይይዝና አንባቢው እንዳይሰለች የፍቅር ክር ይጐነጉንበታል። የአውሮፓ ደራስያን ለፍቅሩ ብለው ታሪኩን ያጣምሙታል የሚል ቅሬታ ነበረው። እርግጥ፣ ደግ ሰዎቹ እጅግ ደግ፣ ክፉዎቹም እጅግ ክፉ ናቸው፤ ገጠመኙም ይበዛል። ነገር ግን ታሪክን ከሊቃውንት መደርደሪያ አውርዶ ለተራው አንባቢ ያደረሰ እርሱ ነው። መጻሕፍቱም ወደ ፋርስኛ፣ ወደ ቱርክኛና ወደ ኡርዱ ተተርጕመዋል። የእኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ያለውን መጽሐፉን ሮማ ላይ ያሳተመው በዚያው ዘመን፣ በ1908 ነበር።

ከልብ ወለዱ ጐን ለጐን ዘይዳን ከ1902 እስከ 1906 የእስልምና ሥልጣኔ ታሪክን በአምስት ቅጽ አዘጋጀ። በዚህ የተነሣ በ1910 አዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ የእስልምናን ታሪክ እንዲያስተምር ጠራው። ከኮሌጅ የተባረረ፣ ዲግሪ ያልያዘ ሰው የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሊቀመጥበት ነው። ትምህርቱን አዘጋጀ። ነገር ግን ክርስቲያን እንዴት የእስልምናን ታሪክ ያስተምራል የሚል ተቃውሞ ስለ ተፈራ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያስተምር ሹመቱ ተነሣ። በ1912 ደግሞ ሕንዳዊው ሊቅ ሺብሊ ኑዕማኒ የታሪክ መጽሐፉን በብርቱ ነቀፈው። የነቀፉት ሁሉ በጭፍንነት ነበር ማለት አይቻልም፤ ከመጽሐፉ ውስጥ በማስረጃ የሚሞገት ቦታ አለ። መጽሐፍን በመጽሐፍ መሞገት የሊቃውንት ወግ ነው፤ ሰውን በሃይማኖቱ ምክንያት ከመምህርነት ማስቀረት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዘይዳን ለሁለተኛ ጊዜ የትምህርት ቤት በር ሲዘጋበት ብዕሩን አልጣለም። ከ1911 ጀምሮ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ በአራት ቅጽ ጻፈ። በ1914 አንድ ጊዜ ግብፅን ስለ ገዛችው ንግሥት ስለ ሸጀረት አል ዱር የመጨረሻ ልብ ወለዱን ፈጸመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን በካይሮ በድንገት ዐረፈ፤ ዕድሜው 52 ነበር። መጽሔቱን ልጆቹ ወርሰው አሳደጉት፤ «አል ሂላል» ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይታተማል።

እኛ ለዲግሪ ስንል ከአገር ርቀን የምንኖር ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ጥቂት አይደለም። ዲግሪ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ እርሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ፈልጎት አጥቶታልና። ነገር ግን በሩ በተዘጋበት ጊዜ ያነበበውንና ያየውን ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ አካፈለ። በግብፅ እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ ግብፃውያን ታሪካቸውን ከእርሱ መጽሐፍ አነበቡ። ዐረብኛው የሚከብዳችሁ ጓደኞች፣ ከሰዋስው መጽሐፉ ጐን ከእነዚህ ልብ ወለዶች አንዱን ያዙ፤ ቋንቋውም ታሪኩም አብሮ ይገባችኋል።