የመጽሐፍ ጠራዡ ማይክል ፋራዴይ

በፊዚክስ ትምህርት የፋራዴይን ሕግ በቃሉ ያላጠና፣ በፈተናም ያልተጠየቀ ከመካከላችን ማን አለ? ነገር ግን አብዛኞቻችን ሕጉን እንጂ ሰውየውን ስለማናውቅ፣ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይክል ፋራዴይ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ለንደን አጠገብ በኒውዊንግተን ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ጤና ስላልነበረውም ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። ልጁ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከጥቂት ሒሳብ በቀር ሌላ ትምህርት ሳያገኝ በ13 ዓመቱ ሪቦ ለተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆነ። በሚቀጥለውም ዓመት የመጠረዝን ሙያ ለመማር የ7 ዓመት ውል ገባ።

ሌላው ጠራዥ የሚያየው ቆዳውንና ክሩን ሲሆን ፋራዴይ ግን እጁ የገባውን መጽሐፍ ያነብ ነበር። በእንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ፣ በወይዘሮ ማርሴት መጽሐፍም ስለ ኬሚስትሪ ተማረ። በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የታላቁን ኬሚስት የሰር ሐምፍሪ ዴቪን ንግግር በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰማበት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። አራቱንም ንግግሮች ሰምቶ በማስታወሻ ያዘ፤ በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጦ፣ ሥዕል ጨምሮበትና ራሱ ጠርዞት ለዴቪ ላከለት። በማርች 1813ም በሳምንት 25 ሽልንግ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በዚያው ዓመት ዴቪ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ሲጓዝ ይዞት ሄደ። የዴቪ አሽከር አልሄድም ብሎ ስለ ቀረ ሥራው በፋራዴይ ላይ ወደቀ፤ የዴቪም ሚስት እንደ ሎሌ ታየው ነበር። ትቶ ለመመለስ እስኪያስብ ድረስ ቢያዝንም፣ በመንገዱ እንደ አምፔርና እንደ ቮልታ ያሉትን ሊቃውንት ለማየት በቃ።

በ1821 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ፤ የሞተር መጀመሪያ ይህ ነው። ነገር ግን በዚሁ ጉዳይ አስቀድሞ ያስብ የነበረውን የወላስተንን ስም ሳይጠቅስ ውጤቱን ስላሳተመ የሰው ሐሳብ ወሰደ ተባለ። እኛ እንደሚመስለን ሐሳቡን አልሰረቀም፤ መቸኮሉን ግን ልንክድ አንችልም። በ1823 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ፣ ያው ከጠራዥነት ያወጣው ሰው፣ ተቃወመው። ሆኖም ተመረጠ።

ኤሌክትሪክ ማግኔትን የሚያስገኝ ከሆነ ማግኔትስ ለምን ኤሌክትሪክን አያስገኝም? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመት ዕረፍት ነሣው። በኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ሁለት ወገን ሁለት ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ ጋራ አገናኘ፤ የሁለተኛውን ጫፍ በኮምፓስ መርፌ አጠገብ አሳለፈ። ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌዋ ዘለል ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ባትሪው እንደ ተገናኘ ሳለ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰችም። ሲያላቅቀው እንደ ገና በተቃራኒው ወገን ዘለለች። ሌላ ሰው ቢሆን የጠረጴዛው መነቅነቅ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እርሱ ግን ኤሌክትሪክን የሚያስነሣው የማግኔት መኖር ሳይሆን መለዋወጡ መሆኑን ተረዳ። በኦክቶበርም ማግኔትን በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ኤሌክትሪክ አገኘ። ዛሬ በግድብ ውሃ የሚዞሩት ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር። ሐሳቡን በማግኔት ዙሪያ በሚታዩ የኃይል መስመሮች ስለ ገለጸ ብዙ የሒሳብ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ በኋላ ማክስዌል ወደ ሒሳብ ቋንቋ መለሰው። (በሒሳብ የምንደክም ተማሪዎች ይህን ሰምተን ደስ ሳይለን አልቀረም፤ ነገር ግን የምርመራ መዝገቡ ከ16,000 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች አሉት።)

ሰር የሚለውን ማዕረግ አልቀበልም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲንም ፕሬዚዳንትነት እንዲሁ። በገና ሰሞን ለልጆች ንግግር ማድረግን ግን ይወድ ነበር፤ ከአንዲት ሻማ መንደድ ተነሥቶም ኬሚስትሪን አስተማራቸው። ወደ እርጅናው የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ሄደ፤ በኦገስት 25 ቀን 1867 ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው ቤት ሃምፕተን ኮርት ዐረፈ። ያ የብረት ቀለበት፣ ሽቦው እንደ ተጠመጠመበት፣ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተጠብቆ ይገኛል።