ካርልተን ዋትኪንስ፦ ጥልቀትን በጥንድ ምስል ያሳዩ ፎቶግራፍ አንሺ

የምናባዊ እውነታ መነጽር ከመፈልሰፉ አስቀድሞ፣ ካርልተን ዋትኪንስ የካሊፎርኒያን ተራሮች ለሁለት ዓይን በሁለት ምስል ያቀርቡ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልደው፣ በሙያው ጀማሪ ሳሉ በሳን ሆዜ ፎቶ ቤት ሠርተዋል። በ1861 መሣሪያቸውን በበቅሎ ጭነው ዮሰሚቲ ሸለቆ ዘለቁ፤ 30 ግዙፍ የመስታወት ኔጋቲቭና 100 ጥንድ ምስል ይዘው ተመለሱ።

ጥንዶቹ በጥቂቱ ይለያያሉ፤ በመመልከቻ ሲታዩ አንጎል አዋሕዶ ገደሉን ጥልቅ ያደርገዋል። ዓይን ግን ይደክማል፦ ሁለቱ ዓይኖች ቅርቡንና ሩቁን ሲከተሉ፣ የእይታቸው ትኩረት ከካርዱ አይነቃነቅም። የዛሬው መነጽርም ከዚህ አልዳነም።

ፎቶግራፎቹ በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆውን ለሕዝብ ያስጠበቁበትን ሕግ እንዳገዙ ይነገራል። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ሥራዎቻቸውን ሲያወድም፣ ዋትኪንስ ከሞላ ጎደል ዓይነ ስውር ነበሩ። በ1916 ናፓ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አረፉ።