ፍራንክ ስፕሬግ

ፍራንክ ጁሊያን ስፕሬግ (ጁላይ 25 ቀን 1857 - ኦክቶበር 25 ቀን 1934 እ.ኤ.አ.) የኤሌክትሪክ ትራምንና ባቡርን በማስፋፋት የታወቀ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። የተወለደው በኮኔቲከት ግዛት በሚልፎርድ ሲሆን በ1878 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቀ። በ1883 ከቶማስ ኤዲሰን ጋር መሥራት ጀመረ። ኤዲሰን ያተኮረው በመብራት ላይ ነበር፤ የስፕሬግ ልብ ግን ሞተር ላይ ስለነበረ በዓመቱ ተለይቶ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

የሪችመንድ መስመር

በ1887 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ 12 ማይል ያህል የትራም መስመር በ90 ቀን ሊሠራ ተዋዋለ። ክፍያውን የሚያገኘው መስመሩ በደንብ ከሠራ ብቻ ነበር። በመካከሉ በታይፎይድ ታመመ፤ መስመሩም የተከፈተው ዘግይቶ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1888 ነው።

ኮረንቲው በ450 ቮልት ገደማ ከመንገዱ በላይ በተዘረጋ ሽቦ ይመጣል፤ በትራሙ ጣሪያ ላይ ባለው ዘንግ ወደ ሞተሩ ይወርድና በሐዲዱ በኩል ወደ ማመንጫው ይመለሳል። ሽቦው ተበጥሶ ሐዲዱን ቢነካ ኮንታክት ይፈጠራል፤ ሞተሩን ሳያልፍ የሚዞረው ከባድ ኮረንቲም ማመንጫውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በመጋቢ መስመሮቹ ላይ ፊውዝ ነበረ። ችግሩ፣ ፊውዝ የሚያውቀው የኮረንቲውን ብዛት እንጂ መንሥኤውን አይደለም። ብዙ ትራሞች ተከታትለው ከቆሙበት ሲነሡ የሚስቡት ኮረንቲም እንደ ኮንታክት ሊያቀልጠው ይችላል።

በዚያው ዓመት የቦስተን የፈረስ ትራም ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ዊትኒ መስመሩን ሊያይ መጣ። ጥርጣሬው ትራሞች በአንድ ስፍራ ቢከማቹ ኃይሉ አይበቃም የሚል ነበር። ስፕሬግ በሌሊት 22 ትራሞችን በአንድ ጫፍ አሰለፈ። የማመንጫው ሠራተኛ ፊውዞቹን እንዲያጠነክር፣ ቮልቱን ወደ 500 ከፍ እንዲያደርግና ምንም ቢመጣ እንዳያቋርጥ አዘዘው። ይህ ጥበቃውን አውቆ እንደ ማንሣት ነው፤ በዚያች ሌሊት እውነተኛ ኮንታክት ቢፈጠር ዲናሞዎቹ አደጋ ላይ ነበሩ። ትራሞቹ ተከታትለው ሲነሡ ቮልቱ ወደ 200 ገደማ ወረደ፣ መብራቶቹም ደበዘዙ፤ ሆኖም ሁሉም ሄዱ። ዊትኒ ኤሌክትሪክን መረጠ።

ፊውዙን ማጠንከር ግን መፍትሔ አልነበረም። በኋላ ዘመን የተሠሩ የባቡር ኃይል መቁረጫዎች የኮረንቲውን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚጨምርበትን ፍጥነት ጭምር ስለሚለኩ፣ የባቡርን መነሣት ከኮንታክት ይለያሉ።

ቀጣይ ሥራዎቹ

ኩባንያው በ1890 ወደ ኤዲሰን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተጠቃለለ። ስፕሬግ ለጥቂት ዓመታት በኤሌክትሪክ አሳንሰር ላይ ከሠራ በኋላ በ1897 በቺካጎ ትልቁን ፈጠራውን አሳየ። ይኸውም እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ሞተር ኖሮት፣ ሁሉንም አንድ ነጂ ከፊት የሚያዝበት ዘዴ ነው። በፉርጎዎቹ መካከል የሚያልፉት የማዘዣ ሽቦዎች የሚሸከሙት ቀላል ኮረንቲ ስለሆነ የሞተሮቹ ከባድ ኮረንቲ በነጂው መቆጣጠሪያ አያልፍም። በኒው ዮርክ ደግሞ ከዊልያም ዊልገስ ጋር ከላይና ከጎን የተሸፈነ፣ ኮረንቲው ከሥሩ የሚወሰድበት ሦስተኛ ሐዲድ ሠራ፤ ሽፋኑ በረዶንና ድንገተኛ ንክኪን ይከላከላል።

የተቀበረው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ነው።